ለቤት ስፌት የሚስማማ ካውያ ስለ መምረጥ

ወደ ቤታችን የምናስገባው ዕቃ ሁሉ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው ለነጋዴው ቈጥረን የምንሰጠው ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛው ዕቃው ከቤት ከገባ በኋላ በየቀኑ የሚያስከፍለን ድካም፥ ጊዜና አንዳንድ ጊዜም አደጋ ነው። በመጀመሪያው ዋጋ ከነጋዴው ጋር ብዙ እንከራከራለን፤ ሁለተኛውን ግን ማንንም ሳንጠይቅ ዝም ብለን እንከፍላለን። ካውያ ከእንደዚህ ያሉት ዕቃዎች አንዱ ነው። ልብስ ለመተኰስ ብቻ የሚፈለግ ከሆነ ጥቂት ጕድለት ቢኖረው ይታለፍለታል፤ በቤቱ ስፌት ለሚሠራ ሰው ግን ካውያ ከመርፌውና ከመቀሱ እኩል የሙያ መሣሪያ ስለ ሆነ፥ በምርጫው ላይ ልብ ማድረግ ያስፈልጋል። ስለዚህ በዚህ ወር ከአንባቢዎቻችን ጋር ስለዚሁ ነገር ጥቂት ለመነጋገር ወደድን።

በክርስቲያን ቤት ስፌት የተናቀ ሥራ አይደለም። ቅዱስ ገብርኤል ባበሠራት ጊዜ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ሐርና ወርቅ አስማምታ ትፈትል እንደ ነበር አበው ያስተምሩናል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 የምናገኛት የኢዮጴዋ ጣቢታም በሞተች ጊዜ፥ መበለቶች እያለቀሱ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት ቤቷን ወይም ጌጧን አልነበረም፤ በሕይወት ሳለች በእጇ የሠራችላቸውን ልብስ ነበር እንጂ። በእጅ የሚዳሰስ በጎ ሥራ ከሠሪው በኋላም ቆሞ እንደሚመሰክር ከዚህ እንማራለን።

ከስፌትም ሁሉ ይልቅ እኛን ደስ የሚለን ቍርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠሙ የአልጋ ልብስና የሕፃናት መጠቅለያ መሥራት ነው። በአገራችን ከቍራጭ የተጣፈ ነገር ሲነሣ አስቀድሞ ትዝ የሚለን ድሪቶ ነው፤ ድሪቶም የችግር ምልክት ሆኖ ስለ ኖረ ስሙን ስንሰማ ፊታችንን እንመልሳለን። ሆኖም ጌታችን በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ ሕዝቡን ከመገበ በኋላ፥ የተረፈው ቍርስራሽ እንዳይጠፋ እንዲሰበስቡት ደቀ መዛሙርቱን አዝዟል፤ የተሰበሰበውም 12 መሶብ ሞላ። የሁሉ ባለቤት የሆነ አምላክ ለቍርስራሽ ከተጠነቀቀ፥ እኛ ከቀሚስ የተረፈውን ጨርቅ ከጥራጊ ጋር የምንጥልበት ምክንያት የለንም። ቍራጩን ከድሪቶነት አውጥቶ ለክርስትና ስጦታ የሚበቃ ልብስ የሚያደርገው የጨርቁ ውድነት አይደለም፤ የመጋጠሚያው ቅንነት ነው። መጋጠሚያውን የሚያቀናው ደግሞ ከመርፌው ቀጥሎ ካውያው ነው።

ስለዚህ ጕዳይ አጥብቀን እንድናስብ ያደረገችን የእኅታችን ልጅ ናት። ባለቤቷ ካረፈ በኋላ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በአንዲት የስፌት መኪና ነው። ከልብስ ሰፊዎች ቤት ቍርጥራጭ በርካሽ እየገዛች የሕፃናት መጠቅለያ መሥራት ጀምራለች። ዕቁብ በደረሳት ጊዜ ከገንዘቡ የሚበዛውን ለአንድ ትልቅ ባለ እንፋሎት ካውያ ልታውለው አሰበችና፥ «እትዬ፥ ነጋዴው ይህ ካልሆነ ስፌትሽ አያምርም አለኝ። የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ወደ ሌላ ጊዜ አሳልፌ ልግዛው ይሆን?» ብላ ጠየቀችን። ጥያቄው ለሰሚው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ ወገን የልጆች ትምህርት፥ በሌላው ወገን የእናቲቱ እንጀራ የተመዘኑበት ስለ ሆነ፥ እንደ ዋዛ መልስ ልንሰጥበት አልወደድንም። «እስቲ ዋጋውን ተዪውና ካውያው ምን እንዲሠራልሽ እንደምትፈልጊ አስቀድመን እንወቅ» አልናት።

በስፌት ጊዜ ካውያ የሚሠራው ሥራ የታጠበ ልብስ ከመተኰስ የተለየ ነው። ሸሚዝ ስንተኩስ ካውያውን ወዲያና ወዲህ እንገፋዋለን። ቍራጭ ስንገጣጥም ግን አይገፋም፤ ይነሣል፥ ይቀመጣል፥ ጥቂት ይቈያል፥ እንደገና ይነሣል። ይህም ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ጨርቅ፥ ይልቁንም በሰያፍ የተቈረጠ እንደ ሆነ፥ ሲገፉት ይለጠጣልና ነው፤ አራት ማዕዘን የነበረው ቍራጭ ሳይታወቅ ጠማማ ይሆናል። ነገሩን በቍጥር ብናየው የበለጠ ይገባናል። ከ12 ቍራጮች የተገጣጠመ አንድ ረድፍ 11 መጋጠሚያዎች አሉት። እጥፋቱ በደንብ ሳይከፈት ቀርቶ በየመጋጠሚያው አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢታመቅ፥ በረድፉ መጨረሻ 11 ሚሊ ሜትር ይጐድላል፤ ያም ረድፍ በትክክል ከተተኰሰው ረድፍ ጋር ሊገጥም አይችልም። ሰፊዋ መርፌዋን ወይም መኪናዋን ትወቅስ ይሆናል፤ ጕድለቱ ግን ከአተኳኰሱ ነው።

ሥርዐቱም እንደሚከተለው ነው። ሁለቱ ቍራጮች ከተሰፉ በኋላ ሳይገለጡ፥ እንደ ተጋጠሙ ካውያው በስፌቱ ላይ ይቀመጥና ክሩ በጨርቁ ውስጥ ይረጋ ዘንድ ይደረጋል። ከዚያ ይገለጣሉ፤ በጀርባ ያለው ትርፍ ጠርዝ ጥቍረቱ ከላይ እንዳይታይ ወደ ደማቁ ጨርቅ ታጥፎ ይተኰሳል። የአንዱ ረድፍ ጠርዝ ወደ ቀኝ የታጠፈ እንደ ሆነ የሚቀጥለው ረድፍ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ እንዲህ ሲሆን ረድፎቹ ሲገናኙ ስፌቱ ከስፌት ጋር ይገጥማል እንጂ በአንድ ስፍራ ተደራርቦ አያብጥም።

ጨርቁን የሚያዘው ሦስት ነገር ነው፤ ሙቀት፥ ርጥበትና ክብደት። ጥጥ በሙቀትና በርጥበት ይለሰልሳል፤ በክብደት ሥር የተሰጠውን ቅርጽ ይቀበላል፤ ሲቀዘቅዝም በዚያው ይጸናል። ስለዚህ የተተኰሰውን መጋጠሚያ ሳይቀዘቅዝ ማንሣት ሥራን ማፍረስ ነው። ሙያ ያላቸው ልብስ ሰፊዎች ካውያውን እንዳነሡ፥ በመላጊያ የለሰለሰ ጠንካራ እንጨት በሞቀው ስፌት ላይ ይጫኑበታል፤ እንጨቱ እንፋሎቱን ይመጣል፥ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፥ እጥፋቱም እንደ ቢላዋ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ይህን ማናቸውም አናጢ ከትርፍራፊ ጣውላ ሊሠራው ይችላል፤ ቀለምና ቫርኒሽ ግን አይቀባ፤ በጨርቁ ላይ ይጋባልና።

እንግዲህ ለስፌት የሚሆነው ካውያ ምን ዐይነት ነው? የካውያን ታሪክ ጥቂት ብንመለከት መልሱ ይቀልልናል። በቀድሞ ዘመን በኤውሮጳና በአሜሪካ ካውያ ማለት በምድጃ ላይ ተጥዶ የሚግል ድፍን ብረት ነበር። ብረቱ ሲግል እጀታው አብሮት ይግል ነበርና የሴቶችን እጅ ያቃጥል ነበር። በኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1871 ዓ.ም. በአሜሪካ በአዮዋ ክፍለ ግዛት የምትኖር ሜሪ ፍሎረንስ ፖትስ የምትባል ሴት ከብረቱ ላይ እየተነቀለ የሚገጠም የእንጨት እጀታ ፈጥራ ፈቃድ ተቀበለችበት፤ አንዱ ብረት ሲሠራበት ሌሎቹ በምድጃው ላይ እየጋሉ፥ አንድ እጀታ ለሁሉም ያገለግል ጀመር። በ1882 ዓ.ም. ደግሞ ሄንሪ ሲሊ የተባለ የኒው ዮርክ ሰው በኤሌክትሪክ ለሚሞቅ ካውያ የፈጠራ ፈቃድ አገኘ፤ ይህም ወደ ምድጃ መመላለስን የሚያስቀር መንገድ ከፈተ። ሙቀቱን ራሱ እየመጠነ የሚበራና የሚጠፋው መቈጣጠሪያ ግን ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ሦስቱም እርምጃዎች ሦስት ጥያቄ ይተዉልናል፤ እጀታው ለእጅ ይመቻልን? ሙቀቱ ይጸናልን? መጠኑንስ ይጠብቃልን? ለስፌት የሚፈልገው ሰው ክብደትንና ጫፍን ይጨምርበታል።

ክብደቱን ለማወቅ በሱቅ ውስጥ ካውያውን በእጅ አንሥቶ መመዘን ነው። ለስፌት ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ የሚደርስ መልካም ነው፤ የቀለለው እጅን አያደክምም፥ ነገር ግን የብረቱን ሥራ በክንዳችን ጕልበት እንድንሠራ ያስገድደናል። ጫፉ የሾለ መሆን አለበት፤ ድልዱም ጫፍ በትንሽ ቍራጭ መካከል ያለውን እጥፋት ሊከፍት አይችልም። የሥሩ ብረት በጥፍር ሲዳሰስ የሚያሰናክል ሸካራነት የሌለበት፥ ልስልስ ይሁን። በእግሩ ሲያቆሙት የማይወላውል ይሁን፤ በስፌት ጊዜ በሰዓት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይቆማልና። ሳይነኩት ጥቂት ደቂቃ ከቈየ ራሱን የሚያጠፋ ካውያም አለ፤ ይህ በየጊዜው እየቀዘቀዘ የስፌትን ሥራ ያጓትታል፥ ነገር ግን ታዳጊ ልጆች ባሉበት ቤት መጓተቱ ከአደጋው ይሻላል።

ስለ እንፋሎት ብዙ ይወራል። እንፋሎት ሱፍን ለመተኰስና የተጨማተረ ልብስ ለመዘርጋት በእርግጥ ይረዳል። ቍራጭ ለመገጣጠም ግን የግድ አይደለም፤ ይልቁንም ብዙ እንፋሎት በሰያፍ የተቈረጠውን ጨርቅ ያለሰልስና ለመለጠጥ ያመቻቸዋል። በሥሩ ያሉት የእንፋሎት ቀዳዳዎችም ከብረቱ ስፋት ላይ ይቀንሳሉ። ውሃው ከባድ በሆነበት ቦታ በውስጡ ኖራ የመሰለ ዝቃጭ ይጠራቀምና በነጭ ነጠላ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይተፋል፤ እንዲህ ያለ ካውያ ያለው ሰው ውሃውን አፍልቶ፥ አቀዝቅዞና አጥልሎ ቢጨምር ይጠቅመዋል። እናቶቻችን በጣታቸው ውሃ እየረጩ ይተኵሱ ነበር፤ ዛሬም አንዲት የውሃ መርጫ ጠርሙስ ከከባድ ደረቅ ካውያ ጋር ስትሆን የቤት ስፌትን ፍላጎት በሚገባ ታሟላለች። የማያስፈልግን ነገር ተበድሮም ሆነ የልጅ ክፍያ አዘግይቶ መግዛት፥ አባቶች «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ነው።

አሁን ወደ አደጋው እንምጣ፤ ስለ ውበት ከተናገርነው ይልቅ ይህ ይበልጣልና። በአገራችን በየቤቱ ያለው የኤሌክትሪክ ኀይል 220 ቮልት ነው። በአሜሪካ ያለው 120 ቮልት ነው። ስለዚህ ከአሜሪካ የሚመጡ ዘመዶቻችን በፍቅር የሚያመጡልን ካውያ፥ ለዚያ አገር ብቻ የተሠራ ከሆነ፥ በእኛ ቤት ሲሰካ ከተሠራለት ከሦስት እጥፍ በላይ ኀይል ይስባል፤ ወዲያውም ይቃጠላል፥ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ከመሰካቱ በፊት በካውያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው፤ ከ220 እስከ 240 የሚል ከሆነ ይስማማል። ዋቱንም ማየት ይገባል። 1000 ዋት የሆነ ካውያ 4 አምፔር ተኩል ያህል ይስባል፤ 2400 ዋት የሆነው 11 አምፔር ያህል ይስባል። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3000 ዋትና ከዚያ በላይ ስለሚወስድ፥ ምጣዱና ትልቁ ካውያ በአንድ ሰዓት ቢሠሩ በቀጭን ሽቦ ላይ ወደ 25 አምፔር ይጫናል ማለት ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ካውያ አይሰካ።

መብራት በድንገት በጠፋ ጊዜም አስቀድሞ መደረግ ያለበት ካውያውን ከሶኬቱ መንቀል ነው። ብዙ ሰው ጨለማ ሲሆን ካውያውን በጨርቁ ላይ እንዳለ ትቶ ሻማ ሊፈልግ ይሄዳል፤ ከዚያም ጎረቤት ይጠራዋል፥ ወይም እንቅልፍ ይወስደዋል። መብራቱ ሲመለስ ካውያው ማንም ሳያየው ይግላል። ገመዱ ከጠረጴዛ ወደ ታች አይንጠልጠል፤ የሚድኽ ሕፃን የሚስበው የመጀመሪያ ነገር እርሱ ነው። እጅ እርጥብ ሆኖ፥ ወይም እርጥብ ወለል ላይ ባዶ እግር ቆሞ መተኰስም አይገባም።

የከሰል ካውያን በተመለከተ፥ መብራት በሌለበት ቦታ እስከ ዛሬ ባለውለታ ነው፤ ክብደቱም ለስፌት ይስማማል። ነገር ግን ሁለት ነገር ይጠበቅ። አንደኛ፥ አመዱና ፍንጣሪው በነጭ ልብስ ላይ እንዳይወርድ ፍሙ ከውጭ በደንብ ተቀጣጥሎ፥ አመዱ ተራግፎ ይግባ። ሁለተኛውና ዋናው፥ መስኮትና በር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከቶ አይሠራበት። የሚጤሰው ከሰል ብቻ ሳይሆን ጢስ የሌለው ቀይ ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም መልክም የሌለው መርዝ ያወጣል። ራስ ሲያዞር፥ ሲያቅለሸልሽና ጕልበት ሲከዳ፥ ምች ነው ብሎ በዚያው ክፍል መተኛት ሞት ነው፤ ፈጥኖ ወደ ነፋስ መውጣትና ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። በክረምት ሌሊት ልጆቿን አስተኝታ አጠገባቸው በከሰል ካውያ የምትተኩስ እናት ይህን ልብ ትበል።

ጨርቅም እንደ ሰው ጠባዩ ይለያያል። በካውያ መቈጣጠሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ነጥቦች ተጽፈው ይታያሉ። አንድ ነጥብ ወደ 110 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ለናይሎንና ለመሰሎቹ ነው፤ ሁለት ነጥብ ወደ 150 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ለሱፍ፥ ለሐርና ለፖሊስተር ነው፤ ሦስት ነጥብ ወደ 200 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ለጥጥና ለተልባ እግር ነው። ከልብስ ሰፊ ቤት የሚገዛ ቍርጥራጭ ብዙ ጊዜ የተደባለቀ ስለ ሆነ፥ ጥጥ መስሎን ፖሊስተር የሆነውን በጥጥ ሙቀት ብንተኩሰው ይጨማተራል፥ ከሥሩም ይጣበቃል። ሁልጊዜ በማይፈለግ ጥግ ላይ አስቀድሞ መሞከር ነው። በእጅ የተሸመነው የአገራችን ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባልና፥ ከመቈረጡ በፊት ይታጠብ፤ ጥቂት እንደ ረጠበም ይተኰስ። ጥለቱ ብዙ ጊዜ ከሰው ሠራሽ ወይም ከወርቅማ ክር ስለሚሠራ፥ በጀርባው በኩል፥ በላዩ ንጹሕ አቡጀዲ አልብሶ፥ በአነስተኛ ሙቀት መተኰስ ይሻላል። የሚተኰስበትም ሰሌዳ እንደ ፍራሽ የሚሰምጥ አይሁን፤ በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ የታጠፈ የሱፍ ብርድ ልብስ ዘርግቶ፥ በአቡጀዲ መሸፈን ይበቃል።

ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም የጧፍና የሻማ ሰም በነጠላችን ላይ መንጠባጠቡ የሁላችን ችግር ነው። ለዚህም ካውያ መድኀኒት አለው። ሰሙ ደርቆ ሲጠነክር በጥፍር ወይም በማንኪያ ጀርባ በቀስታ ይፋቅ፤ ከሥሩና ከላዩ ምንም ያልተጻፈበት ንጹሕ ወረቀት ተደርጎ፥ ለብ ባለ ካውያ ይጫን፤ ወረቀቱ ሰሙን ሲጠጣ በሌላ ይለወጥ። ጋዜጣ ግን አይሁን፤ ቀለሙን ለነጠላው ያወርሰዋል። የካውያው ሥር የቈሸሸ እንደ ሆነ ሶኬቱ ተነቅሎ፥ ፈጽሞ ቀዝቅዞ፥ በሆምጣጤ በረጠበ ጨርቅ ይጠረግ፤ በቢላዋ አይፋቅ።

ይህን ሁሉ ከእኅታችን ልጅ ጋር በየነጥቡ ከተመለከትን በኋላ፥ እርሷ ራሷ መዝና ወሰነች። ከባድ፥ ጫፉ የሾለ፥ 1000 ዋት የሆነ ደረቅ ካውያ ገዛች፤ ለነጋዴው ትልቅ ዕቃ ከምትከፍለው ጥቂቱን ብቻ ከፈለች። የልጆቿንም የትምህርት ቤት ክፍያ በጊዜው ሰጠች፤ ከተረፈውም ለአናጢው አንዲት እንጨት አሠራች። የሠራችውን መጠቅለያ አገላብጠን ስናይ፥ በጀርባው ያለው መጋጠሚያ ከፊቱ ባልተናነሰ ያምር ነበር። ሥራን የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ጀርባውን ነው።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል፤ ለበዓል ያማረ ልብስ መልበስ የተወደደ ልማዳችን ነው። ነገር ግን ያ ቀሚስ እንዲያምር በዋዜማው አንዲት እናት ጎንበስ ብላ ስትተኩስ ያመሸችበትን ሰዓት ጥቂቶች ያስቡታል። ለእርሷ የሚገባት መሣሪያ እጇን የማያቃጥል፥ ልጆቿን የማያስፈራ፥ ኪሷን የማይበዘብዝና ሥራዋን የሚያቀና ነው። የቤቱ አባወራም ካውያ ሲገዛ፥ የሚያብለጨልጨውን ሳይሆን በእርሱ የምትሠራውን እጅ ያስብ። ከተጣለ ቍርጥራጭ ሙቀት የሚሰጥ ልብስ የምታወጣ እጅ የተባረከች ናትና፥ እግዚአብሔር የእናቶቻችንንና የእኅቶቻችንን የእጅ ሥራ ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።